ሶዶ እንግባ አንግባ ያልንበት ክረምት

ትልቋ ልጃችን የአሥረኛ ክፍልን ፈተና አልፋ መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት ባመጣችበት ክረምት ደስታችን በቅጡ አንድ ቀን እንኳ አልቆየም። በማግሥቱ ጥያቄው መጣ። የምንኖረው ቢጠና ነው። ቢጠና ያን ጊዜ መሰናዶ ትምህርት ቤት አልነበራትም፤ አሥራ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ሶዶ መሄድ ነበረበት። ሶዶ ደግሞ በእግር ተመላልሰው የሚማሩባት ቅርብ አይደለችም። ስለዚህ ወይ ልጅቷ ብቻዋን ሶዶ ክፍል ተከራይታ ትቀመጣለች፣ ወይ እኛ ቤታችንን ነቅለን አብረናት እንገባለን።

ሌላም መንገድ አለ የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ብዙ አባቶች ሄደውበታል። ሴት ልጅ አሥር ከተማረች ይበቃታል ይላሉ። ይህ ነገር በእኔ ቤት አልተነሳም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። አማርኛ ማንበብን ያጠናከርኩት ደግሞ ከዚያ በኋላ ብቻዬን፣ ሱቅ ውስጥ ስኳርና ጨው በሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። ግማሹ የተቀደደ ወሬ እያነበብኩ፣ ቀሪውን በሐሳቤ እየሞላሁ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ልጄ ሙሉውን ገጽ እንድታነብ እፈልግ ነበር።

ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች በደንብ አውቃቸዋለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዩኒፎርማቸውን የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባዶ ጆንያቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ከመኪና ይወርዳሉ። እሑድ ያንኑ ጆንያ ስኳር ድንች፣ ጎደሬና ቆጮ ሞልተው ይመለሳሉ። ወንዶቹ ላይ ብዙም አልጨነቅም። ሴቶቹ ግን ደህና ቁልፍ የሌለው በር ዘግተው እንደሚያድሩ እሰማ ነበር። ሴት ልጅ ያለው አባት እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶ እንዳልሰማ ሊሆን አይችልም፤ ከሆነም አባት አይደለም።

ቤት መንቀሉም ቀላል አልነበረም። ከቤታችን ጀርባ ሚስቴ የተከለችው እንሰት አለ። እንሰት ሰው የሚኖርበት ቤት ይፈልጋል፤ የላሟን አዛባ፣ የምድጃውን አመድ፣ የጠዋቱን ጥራጊ ካላገኘ ይከሳል። ተክሎ ለመብላትም ዓመታት ይወስዳል። አንዳንዱ ቁመቱ ገና ጉልበቴ ድረስ ነበር። በእኔም በኩል፣ ወረዳው ተከፍሎ ቢጠና የወረዳ ከተማ ከሆነች ወዲህ ሥራ በዝቶልኝ ነበር። አዳዲስ ቢሮዎች ተከፈቱ፤ ከየቦታው የተመደቡ ሠራተኞች ሱሪ የሚያሳጥሩት፣ ለስብሰባ የሚሰቀለውን ጨርቅ የሚያሰፉት እኔ ዘንድ ነው። ከተማው በደጃችን እያደገ እኛ ወደ ሌላ ከተማ ልንሄድ ነው ወይ?

«ምን ታስባለህ?» አለችኝ ሚስቴ እራት ላይ። በቤታችን የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ እዚህ ወደ አማርኛ መልሼ ነው የምጽፈው።

«እያሰብኩ ነው።»

«ማሰብህንማ አይቻለሁ። ክር ስትበጥስ ነው የዋልከው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ልጄ ባለችበት ነኝ» አለች። «እንሰቱንም አልተውም» ብላ ጨመረችበት። ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ ታውቃለች። አውቃ ነው የተናገረችው።

የስፌት መኪናዬ የሚቀመጠው አንድ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ቢጠና የተቀመጡ፣ እርሱ ግን እዚሁ የተወለደ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው ነው። ጋሼ ነው የምለው። ወላይትኛው ከእኔ ይሻላል፤ ሰው በማብሸቅ ግን በሁለቱም ቋንቋ አንደኛ ነው።

«አንተ ሰው» አለኝ በማግሥቱ፣ «ያን ሱሪ አንዱን እግር ሁለት ጊዜ ሰፋኸው። ባለቤቱ ምን ውስጥ ሊገባ ነው?»

አየሁት፤ እውነቱን ነው። እየተረተርኩ ነገሩን አጫወትኩት።

«ይህማ ቀላል ነው። ሂድና እይ» አለኝ። «አባቴ እዚህ የመጣ ዕለት ያየው ገበያውን ነው። የሚሸጥና የሚገዛ ካለ ሰው ይኖርበታል ብሎ ተቀመጠ።»

«እርስዎ ነጋዴ ነዎት፣ ጋሼ። ገበያተኛ የገዛውን ይዞ ይበተናል። ገበያ ላይ ሁሉም ፈገግ ይላል። እኔ ለቅሶውን ነው የማየው።»

«ምኑን?»

«ለቅሶውን። የአንድ ከተማ ሰው፣ ሰው መሆኑ የሚታወቀው ሰው ሲሞት ነው። እድራቸውን አያለሁ፤ አቀባበራቸውን አያለሁ። ቀባሪ ካለ ጎረቤት አለ። ጎረቤት ካለ ልጄ ብትጮህ የሚሰማት አለ።»

ነጋዴው የያዘውን ሚዛን አስቀምጦ ሳቀ። «ታዲያ ሶዶ ወርደህ ሰው እስኪሞትልህ ልትጠብቅ ነው? ሶዶዎች ይህን ቢሰሙ ገና ከመኪና ስትወርድ ነው የሚመልሱህ! ‹ሞት ፈላጊ መጣ› ብለው!»

ሳቀብኝ እንጂ ሐሳቤን አልለወጥኩም። ዛሬም ቢሆን እንዲሁ አምናለሁ። ሰው ቤት ሲገዛ ግድግዳውን ያንኳኳል፤ ከተማ ሲመርጥ ግን አስፋልቱንና መብራቱን አይቶ ይመለሳል። ግድግዳው የሚንኳኳው ለቅሶ ላይ ነው።

ልጄን ይዤ በጠዋት መኪና ሄድን። ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር፤ ሶዶ ከሥሩ ቆርቆሮዋን እያብለጨለጨች ቁልቁል ተዘርግታለች። ባጃጁ፣ ጭቃው፣ የመኪናው ጥሩምባ። ልጄ አፏን ከፍታ ታያለች፤ እኔ ቦርሳዬን እይዛለሁ። መጀመሪያ ትምህርት ቤቷን አይተን ክፍል ፍለጋ ሄድን።

ያየነው ክፍል በአንድ ግቢ ውስጥ በተርታ ከተሠሩት አንዱ ነበር። ጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ በር። አከራይዋ ወፍራም ሴት ናቸው፤ ችኩል ቢሆኑም ክፉ አልነበሩም። ልጄ በሩን ዘጋችና ከፈተች፣ ደግማ ዘጋችና ከፈተች።

«አባ፣ መቀርቀሪያው ያለው በውጭ ብቻ ነው።»

አከራይዋን አየኋቸው።

«ከውስጥ ድንጋይ ታስጠጋበታለች» አሉ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ድንጋዩ እዚሁ አለ፤ የበፊቷ ልጅ ትታው ሄዳለች።»

ድንጋዩ በእርግጥ ጥግ ላይ ነበር። ብዙ ተገፍቶ አንድ ጎኑ ለስልሷል። «እናስብበት» ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ልጄ ክንዴን ያዘች፤ ትንሽ ልጅ ሳለች ካልሆነ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

እንግዲህ ሁላችንም ከገባን ብዬ ልብስ ሰፊዎቹ ወዳሉበት ሄድኩ። አንዱ የሙያ ባልደረባ በትህትና አናገረኝ። ቦታ እንደሚገኝ፣ ሥራም እንደማይጠፋ ነገረኝ። «ብቻ» አለኝ፣ «እዚህ ደንበኛ ስሙን አይነግርህም። ቁመቱን ነው የሚነግርህ።» እኔ ደግሞ ቢጠና ሰውን በሜትር ለክቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። ሰውየው ከሩቅ ሲመጣ ትከሻውን አውቀዋለሁ፤ የአባቱንም ትከሻ አውቃለሁ። ሲታመም መክሳቱን ከሚስቱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። እዚህ አንገቴ ላይ ሜትር አንጠልጥዬ የማላውቀውን ወገብ ስለካ መዋሌ ነው። ይህም ሥራ ነው፤ አልንቀውም። ልቤ ግን ቀዘቀዘ።

በዚህ መካከል ሰዎች የድንኳን እንጨትና አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ሲያልፉ አየሁ። የእድር ዕቃ ነበር። ልጄ ፊቴን አየችና ገባት።

«አባ፣ አይሆንም። አናውቃቸውም።»

«ለማወቅ ነው የምንሄደው።»

ተከተልናቸው። ወደ አንድ ሰፈር ገባን፤ ከአጥሩ በላይ ድንኳኑ ሲተከል ይታያል። እዚህ ላይ ስለ አገሬ ልማድ መናገር አለብኝ። በእኛ በኩል ወደ ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ የሚገባ የለም። ባዳም ሆነ ዘመድ፣ ከሩቅ ድምፁን አሰምቶ፣ አልቅሶ ነው የሚደርሰው። ዝም ብሎ የገባ በሟቹ ሞት ደስ ያለው ነው ይባላል። ስለዚህ የአጥሩ ጥግ ላይ ስደርስ እጄን አናቴ ላይ ጭኜ «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያልኩ ጮህኩ። የሟቹን ስም ስለማላውቅ ወንድሜ ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ያላወቅሁት ይህንን ነው፦ ሶዶ ከተማ፣ በዚያ ሰፈር ቢያንስ፣ እንዲህ እየጮኸ የሚመጣው የሥጋ ዘመድ ብቻ ሆኗል። ሌላው ዝም ብሎ ገብቶ ይቀመጣል። ወንዶች ከድንኳኑ ሮጠው ወጡ። ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ክንዴን ያዘ። ሴቶች ልጄን አቅፈው እያለቀሱ ወደ ውስጥ ወሰዷት፤ ወደ እኔ ዞራ ያየችኝ አስተያየት አሁንም ድረስ አይኔ ላይ አለ። እኔን በባለ ሐዘኖቹ መካከል አስቀመጡኝ።

አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። የእድሩ ዳኛ እርሳቸው ነበሩ። «ከየት ነው የመጣኸው፣ ልጄ?»

«ከቢጠና ነው፣ አባቴ።»

«ጎሳህ?»

ጎሳዬን ነገርኳቸው። እውነቱን ነው የነገርኳቸው፤ በጎሳ አይዋሽም። ሽማግሌው እንባቸው እንደገና መጣ። «ይኸው!» አሉ ለተቀመጡት፣ «ወንድሙ ነው! ከቢጠና ሰምቶ መጣ!»

ሟቹ የጎሳዬ ሰው ነበሩ። በወላይታ ይህ ቀልድ አይደለም። አይተኸው የማታውቀው ሰው ጎሳህ ከሆነ ወንድምህ ነው፤ ልጁ ልጅህ ነው፤ ከቤቱ ማግባት እንኳ አትችልም። ተነስቼ «ይቅርታ፣ መንገደኛ ነኝ» ልል ነበር፤ ተውኩት። ምኑን ነው ይቅርታ የምለው? ወንድሜ ሞቷል፤ መሞቱን ያላወቅሁ እኔ ነኝ።

ሰው እየመጣ አጽናናኝ። «እግዜር ያጥናህ» ይለኛል። «አሜን» እላለሁ። በጎን ደግሞ የማለቅስለትን ሰው ማወቅ ስላለብኝ ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ። በመንገድ ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ። ልጆቻቸው በሩቅ ከተማ ተበትነዋል። ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው፣ ያረፈደ ተማሪ ሲያልፍ አጥሩን በከዘራቸው እየመቱ «ሩጥ! ደወሉ አይጠብቅህም!» ይሉ ነበር አሉ። ተማሪዎቹ ይፈሯቸዋል፤ የታመሙ ዕለት ግን ግቢው ተማሪ ሞልቶ ነበር። ይህን ስሰማ እውነተኛው እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለውን ሰው በሕይወት ሳለ ባውቀው እወድ ነበር።

ቀብር ሄድን፤ ተመለስን። በዘመድ ወግ እስከ ሣልስቱ መቀመጥ ነበረብኝ። ለሚስቴ ወሬ መላክ ስላለብኝ ወደ ቢጠና የሚሄድ ሾፌር ፈልጌ፣ «ዘመድ ሞቶብኝ ሶዶ ለቅሶ ላይ ቀርቻለሁ በልልኝ» አልኩት። ይህን ስል ምን እንደምጠራ አላሰብኩም።

በተቀመጥኩበት ግን የመጣሁበትን ሥራ አልረሳሁም፤ ከተማዋን መዘንኩ። የሚነቀፈውን ልናገር። ለቀብር ዘግይተው የመጡ ነበሩ። ሁለት ጎልማሶች ድንኳን ውስጥ ሞባይላቸው ሲጮህ አንስተው ስለ ሲሚንቶ ተነጋገሩ፤ ደሜ ፈላ። ነገር ግን በየቀኑ ንፍሮውና ቆጮው ከየቤቱ ሳይቋረጥ መጣ። በሃይማኖት የማይመስሏቸው ጎረቤቶች ውኃ ቀዱ፣ እንጨት ፈለጡ። ከሌላ አገር መጥተው የተቀመጡት እንደ አገሬው አለቀሱ። ልጄን ደግሞ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ አየኋት፤ እጅጌዋን ሰብስባ ሰሐን ታጥባለች። የሟቹ ባለቤት፣ አረጋዊቷ እናት፣ የሰጧቸውን ምግብ ከማንም እጅ እንቢ ይሉ ነበር። ከልጄ እጅ ግን ተቀበሉ።

በሣልስቱ ቀን ረፋድ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ከመንገዱ በኩል የአይሱዙ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ለቅሶ። ተራ ለቅሶ አይደለም፤ የቢጠና ለቅሶ ነው። ድንኳኑ በሙሉ ብድግ አለ። አጥሩ ሥር የቆመው መኪና ላይ የእኔ እድር ሙሉው ተጭኗል! ጎረቤቶቼ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ከፊት ደግሞ ሚስቴ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያለች። ቆጮ በቅጠል ጠቅልለው፣ አይብ በቅል ይዘው፣ ደረት እየመቱ ወረዱ። ነጋዴው እንኳ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፤ እያለቀሰ ዙሪያውን በአይኑ ይፈልገኛል። ዘመድ ሞቶብኛል ብያለሁ፤ እድሬ ደግሞ የአባሉን ዘመድ ብቻውን አያስቀብርም። እነርሱ ትክክል ነበሩ።

ሚስቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እያለቀሰች በጆሮዬ፣ «ማነው የሞተው?» አለችኝ።

«የጎሳዬ ሰው ናቸው።»

«ታውቃቸዋለህ?»

«ከሞቱ በኋላ ነው ያወቅኋቸው።»

ለቅሶዋን ሳታቋርጥ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። አጥብቃ ነው የቆነጠጠችኝ።

ሕዝቡ ተቀመጠ፤ ንፍሮ ዞረ። የእድሩ ዳኛ ተነስተው የቢጠናን ሰው አመሰገኑ። «ይህን ያህል ሰው ይህን ያህል መንገድ! የእኛ ሰው በናንተ ዘንድ ይህን ያህል መወደዳቸውን አናውቅም ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድሙ፣ አንተም ትንሽ ተናገር። አብራችሁ ያሳለፋችሁትን።»

ተነሳሁ። ልጄ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ለልጆቼ ዘወትር የምለው አንድ ነገር አለ፤ እውነት ሲያሳፍርህም እውነት ነው እላቸዋለሁ። እርሷ እያየችኝ ሌላ ምን ልናገር?

«አባቶቼ» አልኩ፣ «አብረን ያሳለፍነው ሣልስቱን ብቻ ነው። በሕይወታቸው አላየኋቸውም። ልጄ እዚህ ልትማር ነው። ከተማውን ሳላውቀው ልጄን አልተውም ብዬ፣ ለቅሶአችሁን አይቼ ልመዝናችሁ መጣሁ። እንደ አገሬ ልማድ ጮህኩ፤ ዘመድ መስዬአችሁ ተቀበላችሁኝ። ጎሳዬን ስትጠይቁኝ ግን እውነተኛውን ነው የተናገርኩት።»

የቢጠና ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ነጋዴው በነጠላው አፉን ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለቅሶ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

የእድሩ ዳኛ ከዘራቸውን ተደግፈው አዩኝ። «እና፣ ሚዛኑ ምን አለ?» አሉ።

«ለቀብር የዘገዩ ነበሩ» አልኩ። «ድንኳን ውስጥ ስለ ሲሚንቶ ያወራም ነበር።»

«እሱን እኛም አይተናል፤ ይቀጣል። ሌላስ?»

«ሌላው እንኳን ልመዝነው፣ አላነሳውም» አልኩ። ይህን ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የሳቁት የሟቹ ባለቤት ነበሩ። ከውስጥ ሰማናቸው። «እሱ ቢሰማ ይህን ነበር የሚወደው» አሉ፣ «ራሱም ሰው መመዘን ይወድ ነበር።» ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ አፍሮ ዝም አለ።

ሰው ሊነሳ ሲል አረጋዊቷ እናት ሚስቴንና እኔን ወደ ውስጥ አስጠሩን። ልጄ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። «ይህች ልጅ ክፍል አትከራይም» አሉ። «የሟቹ ጎሳ ናት፤ የቤቱ ልጅ ናት። ያ የልጆቼ ክፍል ባዶ ነው። በሩም ከውስጥ ይቆለፋል።» የበሩን ነገር ልጄ ነግራቸዋለች ማለት ነው።

እኔ እንቢ አልኩ። ለቅሶ ደርሶ ቤት ይዞ ተመለሰ መባልን ፈራሁ። ሐዘንተኛን በሐዘኗ ቀን ቃል ማስገባትም ትክክል አይደለም። ይህን ሁሉ በሥርዓት ተናገርኩ።

«ሲናገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አሉ ሚስቴን።

«ሁልጊዜ» አለች ሚስቴ። «ልክስ ብለሻል፣ እማማ፤ ግን አሁን ቃል አንቀበልሽም። ከመስቀል በኋላ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። ያን ጊዜም ሐሳብሽ ይኸው ከሆነ ትቀመጣለች። ቆጮውንና አይቡን እኔ እልካለሁ። ሸክም አትሆንብሽም።»

እኔ በበኩሌ ከሁሉም የሚሻል ያልኩትን አመጣሁ። «እንግዲያው» አልኩ፣ «ሰው ካለን ሁላችንም እንግባ። ልብስ ሰፊዎቹ ቦታ አለ ብለውኛል። እንሰቱን ቢጠና ላለው ወንድሜ እንሰጠዋለን።» ከልቤ ነበር። በእነዚያ ቀናት ሶዶን ወድጃት ነበር።

ልጄ ነች የመለሰችው። እርሷ በሽማግሌ ፊት አፏን የማትከፍት ልጅ ናት።

«አባ፣ እናንተ እዚህ ከመጣችሁ እኔ ለጊፋታ ወዴት ነው የምመለሰው?»

ጊፋታ የወላይታ የዘመን መለወጫ ነው፤ የትም ያለ ልጅ ያን ጊዜ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል። በሬ የሚጣለው፣ ሙቹዋ የሚባለው በቅቤ የራሰ የቆጮ ምግብ የሚቀርበው እዚያ ነው። ሽማግሌ ብዬ የማከብራቸው ብዙ ሰዎች ያላሰቡትን ነው ያሰበችው፤ እኔም አላሰብኩትም። የሚሄድ ልጅ የሚመለስበት ቤት ካላቆሙለት መንገዱን ግማሽ ነው የሰጡት።

በዚያው አይሱዙ ተመለስን። ነጋዴው መንገዱን ሙሉ ሲያሽሟጥጠኝ ነበር። «በሚቀጥለው ሐዋሳ ውሰደን፤ እዚያም ዘመድ ይሙትብህ፤ ሐይቁን አላየሁትም!» ቢጠና ከገባን በኋላ፣ በቤታችን የምንቀመጥ መሆናችንን እኔ እንደወሰንኩ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። ሚስቴ አጠገቤ ቆማ አዎን አለች። እንዲህ ስላደረገችልኝ ዛሬም አመሰግናታለሁ።

ከመስቀል በኋላ ሁለቱ ሄዱ፤ የአረጋዊቷ ሐሳብ አልተለወጠም ነበር። ልጄ እዚያው ቀረች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዓርብ ዓርብ እየመጣች እሑድ ተመለሰች። ከዚያ በአንዱ ዓርብ ሳትመጣ ቀረች። ሌሎቹ ተማሪዎች ከመኪና ሲወርዱ በረንዳው ላይ ሆኜ አየሁ፤ እርሷ የለችም። ምንም ወሬ አልላከችም። ከተማ ልጅን እንዲህ ነው የሚያስለምደው ብዬ ቅዳሜን በቁጣ ዋልኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጆንያውን ተሸክሜ፣ የምናገረውን በልቤ ደርድሬ ሄድኩ።

ግቢው በር ክፍት ነበር። አረጋዊቷ ፀሐይ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ይስላሉ። ልጄ ልብሳቸውን እያጠበች ነው። ስታየኝ ቆመች፤ አረፋ ከክንዷ ይንጠባጠባል።

«አባ፣ ተቆጥተሃል።»

«ለምን አልመጣሽም?»

«ታመሙብኝ። ለማን ትቻቸው ልምጣ?»

የደረደርኩት ንግግር ረጅም ነበር፤ አንዱም ቃል ለዚህ የሚሆን አልነበረም። አረጋዊቷ ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣ «ቆመህ አትቅር፤ ተቀመጥ። ጆንያውንም አውርድ፤ ጀርባህ ተጣመመ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ልጄ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የመጣው ጆንያ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ጀመረች፤ ጎደሬውን ለይታ ለእሳቸው የሚሆነውን ወደ አንድ በኩል አስቀመጠች፣ አይቡን ሸተተች፣ «ይህ ለሳል አይሆንም» ብላ መለሰችው። እንደ ቤቷ ነው የምትሠራው። ከእኛ ቤት ሶዶ የገባችው እርሷ መሆኗን ያን ጊዜ አየሁ።

ከሰዓት በኋላ በመጨረሻው መኪና ተመለስኩ። ሚስቴ በር ላይ ቆማ ከኋላዬ ተመለከተች።

«ብቻህን ነህ እንዴ? ልጄስ?»

«ደህና ናት» አልኳት። «ሥራ አለባት።»